ማኅተሙ የማን ነው?

ዓርብ ምሽት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት በሆነው የሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሙዚቃው ደርቷል። ለዳንስ ምሽቱ ወደ 1,600 ሰው መጥቷል። የሚደንሰው ይደንሳል፤ ሌላው በአዳራሹ አየር ላይ ከጣሪያው በብረት ዘንግ በተንጠለጠሉት መተላለፊያ ድልድዮች ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ በአራተኛው ፎቅ ከፍታ የተሰቀለው ድልድይ ተላቀቀ። በቀጥታ ከሥሩ የነበረውን የሁለተኛውን ፎቅ ድልድይ ይዞ ታች በቆመው ሕዝብ ላይ ወረደ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ፍርስራሹን አንሥቶ የመጨረሻውን ሰው ለማውጣት ሌሊቱ አልበቃም።

ይህ ከሆነ ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል። ያም ሆኖ በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ ያላቸው መሐንዲሶች ፈቃዳቸውን ለማደስ በሚከታተሏቸው ትምህርቶች ዛሬም ደጋግሞ የሚነሣው የዚያ ምሽት ታሪክ ነው። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ለምሳሌ ይመቻል የሚል ይኖራል። እውነትም ቀላል ነው። የሚከብደው ደግሞ ይኸው ቅለቱ ነው፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በግማሽ ገጽ የሚጨርሰውን ስሌት፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በሞሉበት ቢሮ ውስጥ አንድም ሰው አልሠራውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው በጠፍር ተንጠልጥሎ ይወጣል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጠፍር ላይ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እያንዳንዳቸው ጠፍሩን በገዛ እጃቸው ጨብጠው ቢንጠለጠሉ ጠፍሩ የሁለቱንም ክብደት ይሸከማል፤ የላይኛው ሰው እጅ ግን የሚይዘው የራሱን ክብደት ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ጠፍሩ ከላይኛው ሰው እግር ሥር ይቆረጥና የታችኛው ሰው በላይኛው ወገብ ላይ በታሰረ ሌላ ጠፍር ይንጠልጠል። ጠፍሩ ከላይ የታሰረበት ቦታ ላይ ያለው ጭነት አልተለወጠም። የላይኛው ሰው እጅ ግን አሁን የሁለት ሰው ክብደት ይዟል።

በሃያት የሆነው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሥዕል መሠረት 32 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ረጃጅም ዘንጎች ከጣሪያው ተነሥተው በአራተኛው ፎቅ ድልድይ ተሸካሚ ብረት ውስጥ ያልፉና እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድልድይ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ ድልድይ በራሱ ዳዶና ራንዴላ በዘንጉ ላይ ይቀመጣል። ይህን በሥራ ላይ ማዋል ያስቸግራል፤ ዳዶው መሐል ላይ እንዲደርስ የዘንጉን ረጅም ክፍል እንደ ብሎን ጥርስ ማውጣት፣ ያን ጥርስ ደግሞ በተከላ ጊዜ ሳያበላሹ መጠበቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ብረቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት ዘንጉን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛው ድልድይ፣ ሌላው ከአራተኛው ድልድይ እስከ ሁለተኛው። ለገጣሚው እጅግ የቀለለ ሥራ ነው። በአራተኛው ድልድይ ሥር ያለችው ዳዶ ግን በዚያች ቀን ጭነቷ እጥፍ ሆነ።

ለውጡ የተደረገው በድብቅ አልነበረም። ሁለቱ ዘንጎች የተሣሉበት የፋብሪካ ዝርዝር፣ በሙያተኞቹ አነጋገር ሾፕ ድሮዊንጉ፣ ወደ ስትራክቸራል መሐንዲሶቹ ቢሮ ሄዶ የመታየት ማኅተም አርፎበት ተመልሷል። ብረት አዘጋጁ ለውጡን በስልክ አስፈቅጃለሁ አለ፤ መሐንዲሶቹ እንዲህ ያለ ፈቃድ አልሰጠንም አሉ። ብረት አዘጋጁ ግንኙነቱን ያሰሉት መሐንዲሶቹ ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ መሐንዲሶቹ ደግሞ ግንኙነቱን የሚያሰላው ብረት አዘጋጁ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በሁለቱ እምነቶች መሐል ዳዶዋ ባለቤት አጣች።

ምክንያቱን መጀመሪያ ለሕዝብ ያደረሰው መንግሥት አይደለም። የካንሳስ ሲቲ ስታር ጋዜጣ የራሱን መሐንዲስ ቀጥሮ በሥዕሉና በተሠራው ነገር መካከል ያለውን ልዩነት አገኘ፤ አደጋው በደረሰ በአራተኛው ቀንም በፊት ገጹ አወጣው። ስታርና እኅት ጋዜጣው ታይምስ በዚህ ዘገባቸው በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። ከዚያ የፌዴራሉ የደረጃዎች ቢሮ ምርመራ መጣ፤ ውጤቱም ከተጠበቀው የከፋ ነበር። የመጀመሪያው ሥዕል ራሱ፣ ሳይለወጥ ቢሠራ ኖሮ፣ የከተማው የሕንፃ ኮድ ከሚጠይቀው አቅም 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚያሟላው። በለውጡ ደግሞ ወደ 30 በመቶ ወረደ። ድልድዮቹ ከራሳቸው ክብደት አልፈው ለመሸከም የነበራቸው ትርፍ ከምንም አይቆጠርም ነበር። አንድ ዓመት መቆማቸው ራሱ ያስገርማል።

ለመሐንዲሶቹም ፍትሐዊ መሆን ይገባል። በግንባታው ጊዜ በሳይት ላይ የሚቆም የራሳቸው ተቆጣጣሪ እንዲመደብ ሦስት ጊዜ ጠይቀው ነበር፤ ወጪ ይጨምራል ተብሎ አልተፈቀደላቸውም። በጥቅምት 1979 ደግሞ፣ ሆቴሉ ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ የዚያው አዳራሽ ጣሪያ በከፊል ወድቋል። ያ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነበር። ከዚያ በኋላ የአዳራሹ ንድፍ እንደገና ተፈተሸ ተባለ፤ ዳዶዋን ግን አሁንም ማንም አላየም።

የወንጀል ክስ አልተመሠረተም። የሚዙሪ ግዛት የመሐንዲሶች ቦርድ ግን የሙያ ክስ አቀረበ። በ1985 የአስተዳደር ዳኛው በዋናው ስትራክቸራል መሐንዲስ በጃክ ጊለምና በፕሮጀክቱ መሐንዲስ በዳንኤል ደንከን ላይ ከባድ ቸልተኝነትና የሙያ ጥፋት ተገኝቷል ሲል ወሰነ፤ በ1986 የሁለቱም ፈቃድ ተሰረዘ። ውሳኔው በአሜሪካ ምሕንድስና ታሪክ ጎልቶ የሚታየው ከቅጣቱ ይልቅ ኃላፊው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ በሰጠው መልስ ነው። ማኅተሙን ያሳረፈ ሰው ሥራውን ለሌላ ሊያከፋፍል ይችላል፤ ኃላፊነቱን ግን አያከፋፍልም። «እሱ ያያል ብዬ ነበር» የሚለው ንግግር በዚያ ችሎት መከላከያ ሆኖ አልቆመም።

ፈቃድ ራሱ ከየት መጣ? አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የመሐንዲሶች ፈቃድ ሕግ የወጣው በ1907 በዋዮሚንግ ግዛት ነው። ምክንያቱ ግድብም ድልድይም አልነበረም፤ የመስኖ ውኃ ነበር። የውኃ መብት ለማግኘት ካርታ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ የግዛቱ ዋና መሐንዲስ ክላረንስ ጆንስተን ወደ ቢሮው የሚመጡትን ካርታዎች ሲመለከት ሠርተናቸዋል ብለው የፈረሙት ጠበቆችና ውል አዋዋዮች ሆነው አገኛቸው። ገበሬው መስኖውን የሚቆፍረው በእነዚያ ካርታዎች ተማምኖ ነው። ጆንስተን ሕጉን አስረቀቀ፤ በዚያው ዓመትም ቻርልስ ቤላሚ የተባለ መሐንዲስ በአገሪቱ የመጀመሪያው ባለ ፈቃድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ብዙውን ጊዜ ሬሳ ተከትሎ ነው የሄደው። መጋቢት 1928 በካሊፎርኒያ የሴንት ፍራንሲስ ግድብ ሊፈርስ ሰዓታት ሲቀሩት የሎስ አንጀለስ የውኃ ሥራ ኃላፊ ዊልያም መልሆላንድ በቦታው ተገኝቶ ፍሳሹን አይቶ አያሰጋም ብሎ ተመልሶ ነበር። እኩለ ሌሊት ሊሆን ደቂቃዎች ሲቀሩ ግድቡ ተሰበረ፤ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። መልሆላንድ ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ ከተማዋን ውኃ ያጠጣ ትልቅ ሰው ነበር፤ ሥራውን የሚጠይቅ ሌላ ዓይን ግን አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ካሊፎርኒያ የሲቪል መሐንዲሶችን ምዝገባ በሕግ ደነገገች። በመጋቢት 1937 በቴክሳስ የኒው ለንደን ትምህርት ቤት፣ ወጪ ለመቆጠብ ከነዳጅ ማውጫ መስመር ተቀጥሎ በገባ ሽታ አልባ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ቴክሳስ በዚያው ዓመት የመሐንዲሶችን ምዝገባ ሕግ አወጣች። ዛሬ በየቤቱ ጋዝ ሲያፈስ አፍንጫ የሚመታው ሽታም ሆን ተብሎ የሚጨመረው ከዚያ አደጋ በተገኘ ትምህርት ነው።

በሃያት ድልድይ ጊዜ ግን ፈቃድ ነበር፤ ፈተናም ነበር፤ ማኅተምም ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ። በሃያ አምስት ዓመቱ ፈተና ያለፈ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ማኅተም ሲያሳርፍ ምን ያውቃል? አዮዋ ግዛት ይህን ጥያቄ ቀድማ አንሥታ ከ1979 ጀምሮ ተከታታይ ትምህርትን ለፈቃድ እድሳት ቅድመ ሁኔታ አድርጋለች። ዛሬ አብዛኞቹ ግዛቶች ይጠይቃሉ፤ መጠኑ ግን እንደየግዛቱ ነው። ቴክሳስ በየዓመቱ 15 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ከዚህ ውስጥ አንዱ ሰዓት ስለ ሙያ ሥነ ምግባር መሆን አለበት። ኒውዮርክ በሦስት ዓመት 36 ሰዓት ትላለች። ቨርጂኒያ በሁለት ዓመት 16 ሰዓት ሲበቃት ጎረቤቷ ሜሪላንድ 24 ትፈልጋለች። እነዚያ ሁሉ ድልድዮች፣ ግድቦችና የመሬት መንቀጥቀጥ ስንጥቆች ያሉባት ካሊፎርኒያ ደግሞ የሰዓት ግዴታ የላትም።

ይህ ልዩነት ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። አንድ መሐንዲስ ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ፖቶማክ ወንዝን ተሻግሮ ሲሠራ የፊዚክስ ሕግ አይለወጥም፤ መማር ያለበት ሰዓት ግን ይለወጣል። ሰዓቱን መቁጠር ቀላል ነው፤ የተማረውን መለካት ከባድ ነው፤ ቦርዶቹም የሚቻላቸውን ይቆጥራሉ። የፈቃድ ማደሻው ወር ሲቃረብ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ቪዲዮ ከፍቶ፣ አጫጭር ጥያቄ መልሶ፣ የጎደለውን ሰዓት የሚሞላ ሰው አለ። ሕጉን አልጣሰም። አንድ ወጣት መሐንዲስ አጠገብ ቁጭ ብሎ ስሌቱን መስመር በመስመር የሚያይለት አንጋፋ ባለሙያ ግን፣ ያ ጊዜ ለሁለቱም ከቪዲዮው የበለጠ ትምህርት ሆኖ ሳለ፣ በሰዓት መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ላይኖረው ይችላል። ቦርዶቹ ቁጥሩን ከማብዛት ይልቅ ይህን የሚያስቆጥሩበት መንገድ ቢፈልጉ ይበጃል።

የሥነ ምግባርና የውድቀት ታሪክ ድርሻም ከአንድ ሰዓት ሊበልጥ ይገባዋል። ለዚህ ከካንሳስ ሲቲ በኋላ የሆኑትን ማየት በቂ ነው።

መስከረም 13 ቀን 2018፣ አሁንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በማሳቹሴትስ የሎረንስ፣ የአንዶቨርና የሰሜን አንዶቨር ነዋሪዎች ቤታቸው በእሳት ተያያዘ። የጋዝ ድርጅቱ ያረጀውን የብረት ቱቦ በአዲስ ፕላስቲክ ሲተካ የግፊት መለኪያው መስመር ከአሮጌው ቱቦ ጋር እንደተገናኘ ቀርቶ ነበር። አሮጌው ቱቦ ሲዘጋ ግፊቱ ወረደ፤ መቆጣጠሪያው ጋዝ ያነሰ መስሎት አብዝቶ ለቀቀ። የሞተውን ቱቦ እያዳመጠ ሕያዋኑን አቃጠለ። አንድ ወጣት ሞተ፤ ከመቶ በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ተጎዱ። የሥራውን ዕቅድ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አላየውም፤ ማኅተምም አላረፈበትም። ሕጉም አይጠይቅም ነበር፤ በብዙ ግዛቶች የአገልግሎት ድርጅቶችና ፋብሪካዎች መሐንዲሶቻቸው ፈቃድ ሳይኖራቸው እንዲሠሩ የሚያስችል ነፃነት አላቸውና። ማሳቹሴትስ ዓመቱ ሳያልቅ ሕጉን ለወጠች። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም ተመሳሳይ ነፃነት ያላቸው 31 ግዛቶች እንዲያነሡት ጠየቀ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

በዚያው ዓመት በመጋቢት፣ በማያሚ የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ የእግረኞች ድልድይ ገና ሳይመረቅ ወድቆ ስድስት ሰው ገድሏል። ስንጥቆቹ ለቀናት በዓይን ይታዩ ነበር፤ መርማሪዎቹ በኋላ እንዳሉት በተለምዶ ከሚታገሡት መጠን 40 እጥፍ ይሰፉ ነበር። በወደቀበት ዕለት ጠዋት ባለሙያዎቹ ስለ ስንጥቆቹ ተሰብስበው ተወያይተዋል። የንድፉ ስሌት ተሳስቷል፤ በገለልተኝነት እንዲያየው የተቀጠረው ድርጅት ደግሞ ለእንዲህ ያለ ድልድይ የሚያስፈልገው የግዛቱ ብቃት ማረጋገጫ አልነበረውም። ከድልድዩ ሥር መኪኖች እየተላለፉ ነበር። መንገዱን ዝጉ የሚል አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ በመኪኖቹ ውስጥ የሞቱት በሕይወት ይተርፉ ነበር። እዚያ የስብሰባ ክፍል ውስጥ የጎደለውን ነገር የሰዓት መዝገብ አይሞላውም፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት «ይቁም» ማለትን መልመድ ያስፈልጋል፤ ይህም እንደ ማንኛውም ችሎታ በልምምድ የሚገኝ ነው።

የቦርዶቹ ጥንካሬ ያለ ቦታው የወደቀበትም ጊዜ አለ። በኦሪጎን የሚኖር ማትስ ያርልስትሮም የተባለ የስዊድን ተወላጅና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ዲግሪ ያለው ሰው የትራፊክ ቢጫ መብራት ቆይታ የሚሰላበት ቀመር ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚታጠፉትን መኪኖች እንደዘነጋ አስልቶ ለባለሥልጣናት ጻፈ። የግዛቱ ቦርድ ያለ ፈቃድ ራስህን መሐንዲስ ብለሃል ብሎ 500 ዶላር ቀጣው። ሰውዬው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2018 መጨረሻም ረታ። የትራፊክ መሐንዲሶች ተቋም በ2020 የቢጫ መብራት መመሪያውን ሲያድስ የታጣፊዎቹን ጉዳይ አካተተ። የፈቃድ ሥርዓት ሕዝብን ለመጠበቅ ቆሞ ሳለ ስሌት ይዞ የመጣን ዜጋ ከበር ከመለሰ ዓላማውን ስቷል። የሕዝብን ሕይወት የሚነካ ሥራ ላይ ማኅተም ይጠየቅ፤ ጥያቄ ለማንሣት ግን ፈቃድ አያሻም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች የሩቅ ወሬ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ በመንገድ፣ በውኃና በሕንፃ ሥራ የተሰማሩ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ባለሙያዎች መንገዱን ያውቁታል። ዲግሪው ከአሜሪካ መለኪያ ጋር ይመዘናል፤ 110 ጥያቄ ያለው የመሠረታዊ ምሕንድስና ፈተና ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር አራት ዓመት ይሠራል፤ ከዚያ የሙያ ፈተናው ይቀጥላል። አገር ቤት አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሳይት የመራ ሰው በሌሊት ሥራና በልጆች መሐል ካልኩለስ እንደገና ሲከልስ ማየት ልብ ይነካል። ብዙዎች ግን ከፈተናው በላይ የሚያስቸግረው ኮዱ ነው ይላሉ፤ የተማሩበት ሌላ፣ የሚሠሩበት ሌላ።

ኮድ መለወጡ ደግሞ አገር ቤትም አለ። በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ለመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ የወሰደው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል የሚባለውን ንቅናቄ ነበር። የአውሮፓን ኮድ ተከትሎ በ2015 የተዘጋጀው ደግሞ ወደ 475 ዓመት አሳደገው፤ ለአዲስ አበባ የሚወሰደው የመሬት ንቅናቄ መጠንም ከስበት ፍጥነት 5 በመቶ ወደ 10 በመቶ፣ ማለት እጥፍ ሆነ። ልብ በሉ፤ መሬቱ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ ስለ መሬቱ ያለን ዕውቀት ነው የተለወጠው። በአሮጌው ኮድ ተምሮ፣ በአሮጌው ኮድ የተሠራ የኤክሴል ሰንጠረዥ ከጓደኛ ተቀብሎ፣ እስከ ዛሬ በዚያው የሚነድፍ ሰው ቢኖር ኮለኖቹ የሚያውቁት የትናንቱን መሬት ነው። ከ2024 መገባደጃ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ነቅቷል። ብዙ ሰው በዚያ ሰሞን ስለ ቤቱ ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀ፦ ይህን ማን ነደፈው? ማንስ አየው?

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 (ይህ እንኳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መልሱን ጀምሮታል። ሕንፃዎችን በሀ፣ በለ እና በሐ ምድብ ከፈለ፤ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን፣ ሕዝብ የሚገለገልበትን ወይም ፋብሪካ የሆነውን ሁሉ ሐ ውስጥ አስገባ፤ ንድፉም በተመዘገበ ባለሙያ እንዲሠራ ጠየቀ። ምዝገባው አለ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አዮዋ በ1979 ያነሣችው ነው፤ የተመዘገበው ሰው ከተመዘገበ ወዲህ ምን ተማረ? በዩኒቨርሲቲዎችና በሙያ ማኅበራት የሚሰጠው የአዲሱ ኮድ ሥልጠና ለሚወድ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ማኅተም ለሚያሳርፍ ሁሉ ግዴታ ቢሆን፣ ሲጀመርም ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ አንድ እውነተኛ ሕንፃ አስይዞ ከሥር እስከ ጣሪያ ማስፈተሽ ቢሆን፣ አገሪቱ ሌሎች በሬሳ የከፈሉትን ትምህርት በወረቀትና በእርሳስ ታገኘው ነበር።

ጃክ ጊለም ፈቃዱን ካጣ በኋላ ዝም አላለም። ለዓመታት በመሐንዲሶች ጉባኤዎች እየተገኘ ስለዚያ ድልድይ ተናግሯል፤ በ2000 ደግሞ በአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ንድፍ ኃላፊነት ጽፏል። የሚያዳምጡት ወጣቶች ከዚያ ምሽት በኋላ የተወለዱ ነበሩ። ለሞቱት 114 ሰዎች መታሰቢያ የቆመው በ2015 ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ፈጅቷል፤ ስሞቻቸው ከሆቴሉ ማዶ ተጽፈዋል። ሆቴሉ ስሙን ቀይሮ ዛሬም ይሠራል። አዳራሹ ሲታደስ የተመለሰው አንድ መተላለፊያ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ፎቅ ከፍታ፣ ከጣሪያ የወረደ ዘንግ የሌለው፣ ከወለሉ በተነሡ ወፋፍራም ኮለኖች ላይ የተቀመጠ።